ስለ አተሞች ለደኅንነት የሰጠሁት ቃል

ካርቱም ውስጥ በበጋ ቀኑን ሙሉ ስለ ቅዝቃዜ የሚያስብ ሰው ወይ በረዶ ሻጭ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። በረዶ ሻጩ ቢያንስ በእጁ የሚነካው ነገር አለው። እኔ የማጠናቸው አተሞች ግን ሱዳን ውስጥ አልነበሩም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከከተማው ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጥናቴ እጅግ ስለቀዘቀዙ የአተም ጋዞች ነው። ከዚህ በታች ቅዝቃዜ የለም የሚባለውን ወለል ሊነኩት ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ የቀዘቀዙ አተሞች ማለቴ ነው። በክፍላችን የነበረው የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሁሉ ቢቆጠር ሁለት ነው፤ በእርጥብ ገለባ ውስጥ አየር እየነፋ ቢሮው የከብት በረት እንዲሸት የሚያደርግ አንድ ሙከየፍ፣ እና የዲኑ ፍሪጅ። ፍሪጁ ይቆለፋል። ሙከየፉ መብራት ሲጠፋ ያርፋል፤ መብራት ደግሞ መጥፋት ይወድ ነበር።

ሰሚራ እባላለሁ። አባቴ ሱዳናዊ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። እናቴ ዘሐራ የወሎ ሰው ናት። በመተማ በኩል ገብታ ገዳሪፍ ላይ አባቴን አገባች፤ እሱ ሲሞት እኔን አዝላ ካርቱም መጣች። የምንኖረው ካላክላ ነው። እሷ ከዐርብ በቀር ሁልጊዜ በማለዳ ሐፍላ በምንለው፣ ሰው እንደ ቴምር ታሽጎ በሚጓዝበት አውቶቡስ ወደ ዐማራት ትሄዳለች። እዚያ ሲት ነዋል የሚባሉ የጡረተኛ ጄኔራል ሚስት ቤት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትወለውላለች። አማርኛን የተማርሁት ከእሷ ነው። ስለዚህ የወጥ ቤቱንና የቁጣውን አማርኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ የፊዚክሱን ግን በኋላ ራሴ ነው የለቃቀምሁት። የሚጎረብጥ ቃል ካገኛችሁ እለፉኝ።

አማካሪዬ ዶክተር አብዱልባቂ ነበሩ። አውሮፓ ተምረው የመጡ ናቸው። እዚያ የለበሱትን ኮት እዚህ ሳያወልቁት ቀሩ፤ በዚያ ግለት ላባቸው በአንገታቸው እየወረደ ኮቱ ግን ከላያቸው አይወርድም። ጎበዝ ሰው ናቸው፤ ጉብዝናቸው እንዳይሰረቅባቸው ሲጠብቁ ግን ለሌላ ሥራ ጊዜ አያገኙም። ጥናቴን ከመከላከሌ በፊት ሴሚናር እንድሰጥ ደንቡ ያዛል። ማስታወቂያው ደግሞ በአረብኛ መሆን ነበረበት፤ ትምህርቱ ሁሉ በአረብኛ ይሁን ከተባለ ሰንብቶ ነበርና። ርዕሴን ወደ አማርኛ ብመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ «እጅግ በቀዘቀዙ የአተም ጋዞች ውስጥ መዋዠቅ ሥርዓትን የሚፈጥርበት መንገድ»።

ዶክተሩ አነበቡትና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ረዘመ» አሉ። «ማስታወቂያ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም።»

እስክሪብቶ አወጡና ግማሹን ሰረዙት። የሰረዙት ግማሽ አተም፣ ጋዝና ቅዝቃዜ ያለበትን ነው። ለስላሳውን የመዋዠቅ ቃል ደግሞ «ደካማ ነው» ብለው በጠንካራ ቀየሩት። የቀረው «ኢድጢራባት ኒዛምን እንዴት ይፈጥራሉ?» የሚል ሆነ።

አረብኛ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ኢድጢራባት የፊዚክስ መናወጥም ነው፣ የአደባባይ ሁከትም ነው። ኒዛም ደግሞ ልክ እንደ እኛው «ሥርዓት» ነው፤ ልጅ ሥርዓት ያዝ የሚባልበትም፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው መንግሥት የሚጠራበትም ቃል። እንግዲህ የሴሚናሬ ርዕስ «ሁከት ሥርዓቱን የሚያበጀው እንዴት ነው?» ተብሎ ተለጠፈ ማለት ነው። ከሥሩ ቦታና ሰዓት አለ። እኔም በበኩሌ ጨዋ ልሁን ብዬ «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» የሚል ጨምሬበት ነበር። አንዱን በር ላይ፣ አንዱን ካፍቴሪያው ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ወላሂ፣ ምንም አልታየኝም። ሰው አንድ ነገር ላይ ዓመት ሙሉ ካፈጠጠ ቃሉ ሌላ ትርጉም ያለው አይመስለውም።

በማግስቱ ጠዋት የክፍሉ ዘበኛ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጥቶ ጠራኝ። በሩ ላይ ሰፋሪ ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ሽቷቸው ከእነሱ ቀድሞ ሰላም ይላል።

«አንቺ ነሽ የማስታወቂያው ባለቤት?»

«አዎ። የሴሚናሩ ነው። ልትመጡ ነው?» አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ እንግዳ መስለውኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በሴሚናሮቻችን የሚገኘው ሕዝብ ሦስት ሰው ነው፤ ከእነሱም አንዱ ይተኛል።

ሰዎቹ ተያዩ። «አይ» አለ አንደኛው። «አንቺ ነሽ የምትመጪው። ያላ፣ እንሂድ።»

ምልክት የሌለው ቢጫ ቪላ ወሰዱኝ። መኪናው ውስጥ ማንም አላናገረኝም። ያን ጊዜ ነው ርዕሱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ መንገደኛ ያነበብሁት።

ያስቀመጡኝ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የሚንቋቋ ማራገቢያ ነበር። ብዙ አስጠበቁኝ። ከዚያ አንድ ናቂብ፣ እኛ ሻምበል የምንለው፣ ማስታወቂያዬን በእጁ ይዞ ገባ። በወጉ ነቅሎ ሳይሆን ከነልስኑ ገንጥሎት ነው ያመጣው። ወጣት ነው፤ ጢሙን በጥንቃቄ የከረከመ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ስሙን አልነገረኝም፤ ቢነግረኝም እዚህ አልጽፈውም ነበር።

«ሁከት ሥርዓቱን ይፈጥራል» አለ ወረቀቱን እያየ። «ማን ነው ሁከቱን የሚያደርገው?»

«አተሞች ናቸው።»

«አተሞች የሚባሉት ማን ናቸው? ተማሪዎች ናቸው?»

ልስቅ ነበር። ፊቱን ሳይ ሳቁን ዋጥሁት። «አይደሉም። የነገር ሁሉ ቅንጣት ናቸው። ይሄም ጠረጴዛ፣ እርስዎም፣ እኔም ከእነሱ ነው የተሠራነው።»

«እኔን አታስገቢ» አለና ጻፈ። «የት ነው ያሉት?»

«የእኔዎቹ ውጭ አገር ናቸው። የሚያቀዘቅዛቸው መሣሪያ እዚህ የለም። እኛ በወረቀት ላይ ስሌት ብቻ ነው የምንሠራው።»

«ማለት፣ ውጭ ያሉትን ከዚህ ሆናችሁ ታሰላላችሁ።» ይህንንም ጻፈ። «በምንድን ነው የሚያቀዘቅዟቸው?»

«በሌዘር።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ሌዘር መሣሪያ ነው።»

«ብርሃን ነው። ከየአቅጣጫው እየገፋ ሩጫቸውን ያዘገየዋል። የሙቀት ትርጉሙ የአተሞች ሩጫ ነው፤ ሲዘገዩ ይቀዘቅዛሉ።»

ናቂቡ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። መንገዱ በፀሐይ ነጭ ሆኗል፤ አንድ ውሻ በመኪና ጥላ ሥር ተዘርሮ ያለከልካል። «ብርሃን» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ብርሃን ያቀዘቅዛል።» ሁለተኛው ላይ ድምፁ የዋሸች እህቱን የያዘ ወንድም ድምፅ ሆነ። ካርቱም ለተወለደ ሰው ይህንን ማመን ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። አልፈረድሁበትም።

«አማካሪዬን ይጠይቁ» አልሁት። «ዶክተር አብዱልባቂ ያውቁታል። ርዕሱን ያሳጠሩትም እሳቸው ናቸው።»

ይህን ስናገር ደረቴ ቀለል አለኝ። የተማረ ሰው መጥቶ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያስረዳና ወደ ቤት እንሄዳለን ብዬ ነበር።

ዶክተሩ ተጠርተው መጡ። ኮቱ አለ። እኔን ሲያዩኝ ሰላም ለማለት እጃቸው ተንቀሳቀሰና መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ክራቫታቸውን አስተካከለ።

«ይሄን ርዕስ ያውቁታል?» አላቸው ናቂቡ።

ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት፤ ቀረብም አደረጉት። የራሳቸውን ቃል እንደዚያ በጥርጣሬ የተመለከተ ሰው አላየሁም።

«ተማሪዋ ታታሪ ናት» አሉ። «ሆኖም በዚህ አኳኋን... በዚህ ቅርጽ አላየሁትም።»

«ዶክተር!» አልሁ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ አተምና ጋዝ ያለውን የሰረዙት?»

«ምክር መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ርዕስ መምረጥ ሌላ ነገር ነው» አሉ ለናቂቡ፤ ለእኔ ሳይሆን።

«እሺ፤ ፊዚክስ ነው ወይስ አይደለም?»

እዚህ ላይ ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሃያ ዓመት የሠሩበትን፣ ውጭ አገር መጽሔት ላይ የጻፉበትን ነገር፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት ፊዚክስ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። «በመርሕ ደረጃ» አሉ፣ «እንደ አተረጓጎሙ ነው።» ከዚያም ክላስ እንዳላቸው አስታወሱ። ያን ቀን ክላስ አልነበራቸውም።

ሲወጡ ኮታቸው በበሩ እጀታ ላይ ተያዘና ከኋላ ሳብ አደረጋቸው። የያዛቸው ሰው መስሏቸው «እኔ ምንም አላልሁም!» ብለው ጮኹ። ናቂቡ ወደ ጣሪያው አየ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ እስቅበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር ጠፋ። ናቂቡ ወንበሩን አቀረበ።

«እንግዲህ መምህርሽ የእኔ አይደለም አለ። ያንቺ ብቻ ከሆነ ደግሞ ማን ሰጠሽ? አባትሽ ሱዳናዊ ነው፤ ሞቷል። እናትሽ ሐበሻ ናት፤ አይደለም?»

«ናት።»

«ኢቃማዋ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እናቴ ያንን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ይዛው ትዞራለች፤ ስትታጠብ እንኳ ዓይኗ ከእሱ አይነቀልም። ከለበሱት ልብስ ጋር ብቻ ጭነው እስከ ድንበር የመለሷቸውን ሴቶች ታውቃለች። እኔ ሱዳናዊት ነኝ፤ እኔን የትም አይሰዱኝም። እሷን ግን በአንድ ፊርማ መስደድ ይቻላል።

«እናቴ ፊደል አልቆጠረችም» አልሁት። «ምን እንደማጠና እንኳ አታውቅም። ‹የበረዶ ትምህርት› ነው የምትለው።»

«መጥታ ራሷ ትንገረን። የት ነው የምትሠራው?»

መናገር አልፈለግሁም። ዝም ብልም እንደማይጠቅመኝ ገባኝ። የሲት ነዋልን ቤት ስልክ ሰጠሁት። እሱም እዚያው ፊቴ ደወለና «ዘሐራ የምትባለዋን ሐበሻ ከነወረቀቷ ላኩልን» አለ፤ አድራሻውንም ተናገረ። ከወዲያ ማዶ የሴት ድምፅ ሲጮህ ሰማሁ። ናቂቡ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ አየውና ዘጋው።

መጠበቅ ጀመርን። ናቂቡ ማስታወቂያውን አገላበጠ፤ ሰዓቱን አየ፤ ተሰላቸ። በመጨረሻ እንዲሁ፣ ለመዝገቡም ሳይሆን፣ እንዲህ አለኝ።

«እስቲ እንደ ሰው ንገሪኝ። ሁከት እንዴት ነው ሥርዓት የሚፈጥረው? ሁከት ያፈርሳል። ይሄንን ሕፃን ያውቀዋል።»

እውነት ለመናገር እኔም ጥያቄውን በዚያ ዓይነት ተጠይቄው አላውቅም። ዓመት ሙሉ ስሌት ሠርቻለሁ፤ ከስሌቱ የሚወጣውን አውቃለሁ። በሰው ቋንቋ ግን ለማንም አስረድቼ አላውቅም። ዶክተሩ ስሌቱን እንጂ እኔን አይጠይቁም ነበር። እናቴን ከዚህ የሚያወጣት ሌላ መንገድ ደግሞ አልታየኝም፤ ይህ ሰው ከገባው ተረፍን።

«የካላክላን ሐፍላ ተሳፍረው ያውቃሉ?» አልሁት።

«እዚያው ነው ያደግሁት» አለ። ሊያመልጠው ያልፈለገው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«ጥሩ። ሐፍላው ቆሞ ሲሞላ ሰው እንዴት ነው የሚቆመው?»

«እንዳገኘ ነዋ።»

«አዎ። አንዱ ወደ በሩ ዞሮ፣ አንዱ ወደ መስኮት፣ አንዱ በጎን። መኪናው እስከቆመ ድረስ አቋቋሙ ሁሉ እኩል ነው፤ ይኼኛው ከዚያኛው ይሻላል የሚባል ነገር የለም። የእኔ አተሞችም እንደዚያ ናቸው። እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ቀስት አቅጣጫ አላቸው፤ ቀስቶቹ የሚደረደሩበት ብዙ መንገድ አለ፤ ሁሉም መንገድ እኩል ነው። እኩል ስለሆነ የሚመረጥ የለም። ሥርዓት የለም ማለት ነው።»

«ታዲያ?»

«ሹፌሩ ሞተሩን ያስነሳና ጉድጓዳማው መንገድ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ይናወጣል። አሁንም አቋቋሙ ሁሉ እኩል ነው?»

ናቂቡ አሰበ። ትከሻውን ሳያውቀው ትንሽ አወዛወዘ። «አይደለም። አንዳንዱ አቋቋም ክርን ለክርን ያጋጫል።»

«አንዳንዱ ግን ሁሉም ወዲያ ሲል ወዲያ፣ ወዲህ ሲል ወዲህ ለመወዛወዝ ያመቸዋል። ጥቂት እንደተጓዙ ሰዉ ሁሉ በዚያኛው አቋቋም ተደርድሮ ያገኙታል። ማንም አላዘዘም። መናወጡ ነው የመረጠው። አተሞቹም እንዲሁ ናቸው። የቅዝቃዜው ወለል ላይ ደርሰው እንኳ ፈጽሞ ጸጥ አይሉም፤ ተፈጥሮ እንዲቆሙ አትፈቅድላቸውም። ያቺ የማትቆም ትንሽ መናወጥ በአንደኛው አደራደር ውስጥ ብዙ ታስከፍላለች፣ በሌላው ጥቂት። ጥቂት የምታስከፍልበት ይመረጣል። ሥርዓቱን የፈጠረው ያፈርሰዋል ያልነው ነገር ነው።»

«አዛዥ የለም?»

«የለም።»

«ከውጭ የሚገፋ?»

«የለም። ከራሳቸው ነው።»

ማራገቢያው ተንቋቋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የገባው ተማሪ ለራሱ እንደሚደግመው፣ «ለካ ሰው ሁሉ ለመወዛወዝ ቦታ ያገኘበት ሥርዓት ነው የሚጸናው» አለ።

የተናገረውን ጆሮው ከአፉ ኋላ ቀርቶ ሰማው። በሩን አየ። ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ተመልሶ ተቀመጠና እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ።

«ይሄን እኔ አላልሁም» አለኝ። «አንቺም አልሰማሽም።»

«አልሰማሁም» አልሁት።

እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ውጭ የመኪና በር በኃይል ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ተረከዝ፣ ከዚያም በስልክ የሰማሁት ያ ድምፅ መጣ። ናቂቡ ዘሐራን ነበር የጠራው፤ የመጡት ሲት ነዋል ናቸው። ቶባቸው፣ ያ ረጅሙ የሴቶች መጎናጸፊያ፣ ከትከሻቸው እየተንሸራተተ፣ የእጃቸው ሒና ሳይደርቅ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ገቡ። እናቴ ከኋላቸው ናት፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። እኔን ስታይ ዓይኗ ከላይ እስከ ታች ሮጦ ሰውነቴን ፈተሸ። ደህና መሆኔን ስታረጋግጥ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ዩማ» አልኋት። እናቴን እንደዚያ ነው የምጠራት።

«ዝም በይ ልጄ» አለችኝ በአማርኛ። «አንቺ ምንም አትበይ።»

ሲት ነዋል ናቂቡ ፊት ቆሙ። «ሐሙስ ልጄን እድራለሁ» አሉት። «ጨዋታ መሰለህ? ግማሹ ካርቱም ነው የሚመጣው። ዘሐራን ለወረቀት ጠርተህ ታስቀምጥና ማን ያበስልልኛል? አንተ ታበስላለህ?»

«እመቤቴ፣ ጉዳዩ የጸጥታ ነው...»

«የጸጥታ!» የባላቸውን ስም ጠሩ። እዚህ አልደግመውም። ስሙ ግን ክፍሉ ውስጥ ሲወድቅ ናቂቡ ሳያውቀው ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ የላይኛው ቁልፉንም ቆለፈ። ሲት ነዋል ሒናው እንዳይነካባቸው እናቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸውና ለባላቸው ደወሉ። ቀጥሎ ናቂቡ አዳመጠ። «ሐዲር» አለ፣ እሺ ማለት ነው፤ «ሐዲር፣ ጌታዬ» አለ። ሻይ መጣ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ጠይቄ ነበር።

ስለ አተም የተናገርሁት አንድም ቃል አላስፈታኝም። ያስፈታኝ የሐሙሱ ድግስ ነው።

ናቂቡ ግን ጉዳዩን በአንድ ነገር መዝጋት ነበረበት። ማስታወቂያውን ወደ እኔ ገፋው። «ሴሚናሩን ስጪ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኒዛም የሚለውን ብቻ አውጪው። ታርቲብ በይው።» ታርቲብ ቤት ሲስተካከል፣ ዕቃ ሲደረደር የምንለው ነው። እንግዲህ አጽናፈ ዓለም ውስጥ ከሚገኙት አስደናቂ ነገሮች አንዱ በእሱ ትእዛዝ የቁም ሳጥን ጉዳይ ሆነ። እሺ አልሁ።

ማክሰኞ ከዙህር በኋላ አዳራሹ ስደርስ በሩ ላይ ሰው ይጋፋል። የተሳሳትሁ መስሎኝ ልመለስ ነበር። ወሬው ከተማሪ ተማሪ ተላልፎ፣ ቋንቋ የሚማረው፣ ሕግ የሚማረው፣ አተም ምን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ መጥቷል። ሽቷቸው የሚቀድም ሰዎችም በየመደዳው ተቀምጠዋል። ናቂቡ ፊት ለፊት ነው። ዶክተር አብዱልባቂ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰዱና ጥናቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእሳቸው የቅርብ ክትትል የተሠራ መሆኑን አስረዱ።

ጀምሬ ብዙም ሳልገፋ መብራት ጠፋ። ስሌቴ ከግድግዳው ላይ ተሰወረ። ጠመኔ አነሣሁና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሐፍላ ሣልሁ። አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያ ሰዉ ትከሻውን ሲያወዛውዝ አየሁ። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ልጅ ተነሥቶ ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ ነውጥ ሁልጊዜ ሥርዓት ይፈጥራል ማለት ነው?»

ያን ያህል ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ሰምቼ አላውቅም። ዶክተሩ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«አይደለም» አልሁ። «ብዙ ጊዜ ያፈርሳል። ሙቀቱ ሲበዛማ ሁሉንም ይበትነዋል። የሚመርጠው ምርጫዎቹ እኩል ሆነው፣ ሌላ የሚለያቸው ነገር ሲጠፋ ነው። ያኔ ትንሿ ነገር ትወስናለች።»

ይህ ትክክለኛው ፊዚክስ ነው። ፈርቼ ያለዘብሁት መልስ አይደለም። ልጁ ግን ሌላ ነገር ጠብቆ ነበር መሰለኝ፤ ቅር ብሎት ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ልንገራችሁ። ዲግሪዬን አገኘሁ። ቃል የተገባልኝ የረዳት መምህርነት ቦታ ግን «ረጋ ያለ ሰው እንፈልጋለን» ተብሎ ለሌላ ተሰጠ። አልገረመኝም። የገረመኝ እኔ አለመከፋቴ ነው። በዚያ ቢጫ ቪላ ውስጥ አንድ ጠላቴ ነው ያልሁት ሰው ፊቱ በርቶ «ለካ» ሲል አይቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። አርካዊት ሰፈር አንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ገባሁ። የመጀመሪያው ተማሪዬ ናቂቡ ነበር እላለሁ፤ ጓደኞቼ ቀልድ ይመስላቸዋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ግን «ሲት ነዋል ደግ ሴት ናቸው፣ አተረፉሽ» ብላችሁ እንዳታልፉ። እኔም ጥቂት ወራት እንደዚያ አስብ ነበር። ከድግሱ በኋላ የእናቴ የዐርብ ዕረፍት ቀረ። ሲት ነዋል አልከለከሏትም፤ ዐርብ በመጣ ቁጥር «እንግዳ አለብኝ፤ ያን ቀን እኔ እንዴት እንደመጣሁልሽ ታውቂያለሽ» ይላሉ፤ በቃ። እናቴ ሽርጧን ታስራለች። ስትታመም ያን ቀን ይነሣል፤ ስትዘገይ ያን ቀን ይነሣል። የሚበደርና የሚከፈል ነገር ቢሆን አንድ ቀን ያልቃል። ውለታ ግን ባለቤቱ በቃኝ እስኪል አያልቅም፤ ባለቤቱ ደግሞ ለምን ይበቃዋል? ዶክተር አብዱልባቂ እንኳ ይሻላሉ አልሁ በልቤ። እሳቸው ጥለውኝ ሄዱ እንጂ ይዘውኝ አልቀሩም።

በአስተማሪነቴ እግሬን ከተከልሁና እስከዚያ በሲት ነዋል ዋስትና ይታደስ የነበረውን የእናቴን ኢቃማ በእኔ በልጇ በኩል ማሳደስ ከቻልን በኋላ፣ አንድ ጠዋት አብሬያት ዐማራት ሄድሁ። ሲት ነዋል ሳሎን ተቀምጠው ነበር። እናቴ ሽርጧን አጥባ፣ ተኩሳና አጥፋ ይዛ ነው የገባችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ ዘሐራ? ያን ቀን እኔ ባልመጣ ኖሮ...»

«ባይመጡ ኖሮ ልጄ እዚያው ነበረች» አለች እናቴ በተሰባበረ አረብኛዋ። «ልጄን አስፈትተውልኛል። አላህ ይስጥልኝ። እስካሁን ያበሰልሁት ይበቃል።»

ሲት ነዋል ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ እንድገሥጻት ነው መሰለኝ። እኔ እናቴን በክንዷ ይዤ ወጣሁ።

ቀጣዩ ቀን ዐርብ ነበር። እናቴ ፀሐይ ግድግዳውን እስክትሻገር ተኛች። አንዲት ጎረቤት በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ቀድሜ ከፈትሁና ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

«ዘሐራ አመማት እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አላመማትም» አልኋት። «ተኝታ ነው።»